ስለ ህዋስ ጠይቁ፦ የአንድ የባዮሎጂ መምህር መልሶች

ባዮሎጂን ከ20 ዓመት በላይ አስተምሬያለሁ። በእነዚህ ዓመታት ተማሪዎች ከሌላው ሁሉ ይልቅ የሚሰለቹት የህዋስን ምዕራፍ እንደሆነ አስተውያለሁ፤ ምዕራፉ የሚቀርብላቸው እንደ ስም ዝርዝር ነውና። ኒውክለስ ይህን ይሠራል፣ ራይቦዞም ያንን ይሠራል ተብሎ ይሸመደዳል፤ ፈተናው ሲያልፍም ይረሳል። በእኔ እምነት የአንድ የህዋስ ክፍል ሥራ የሚገባን ክፍሉ ከሌሎቹ ጋር ሥራ ሲቀባበል ወይም ሲበላሽ ስናየው ነው። ከዚህ በታች የመለስኋቸው ጥያቄዎች ከተማሪዎች፣ ከወላጆችና ከባለሙያዎች የመጡ ናቸው።

ጥያቄ (ከአንዲት እናት)፦ እኛ በልጅነታችን «አምስቱ የስሜት ህዋሳት» ብለን ዓይንን፣ ጆሮን፣ አፍንጫን፣ ምላስንና ቆዳን ቆጥረናል። አሁን ልጄ ሰውነታችን በብዙ ትሪሊዮን ህዋሳት የተሠራ ነው ትለኛለች። ቃሉ አንድ ነው ወይስ ሁለት?

መልስ፦ ቃሉ አንድ ነው፤ ትርጉሙ ግን ሁለት ሆኗል። በግዕዝ ሕዋስ የስሜት መቀበያ የሆነውን የአካል ክፍል ያመለክታል፤ «አምስቱ ህዋሳት» የሚለው አነጋገርም ከዚያ የወረስነው ነው። በኋላ የሳይንስ ጸሐፍት ሕያው ነገር ሁሉ የሚገነባበትን ትንሹን ሕያው አካል ለመሰየም ይህንኑ ቃል ወሰዱት። ፖለቲከኞችም አልቀሩም፤ «የፓርቲ ህዋስ» ሲባል ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ ዓይን በአሮጌው ትርጉም አንድ ህዋስ ሲሆን፣ በአዲሱ ትርጉም ግን በአንድ ዓይን ውስጥ ብርሃን የሚቀበሉት ህዋሳት ብቻቸውን ወደ 100 ሚሊዮን ይጠጋሉ። ልጅዎ የነገረችዎም ልክ ነው፤ የአንድ አዋቂ ሰው ህዋሳት በግምት 30 ትሪሊዮን ናቸው፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ ቀይ የደም ህዋሳት ናቸው።

አውሮፓውያን የሚጠቀሙበት ስያሜ ደግሞ ትንሽ ክፍል የሚል ፍች ካለው የላቲን ቃል የመጣ ነው። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1665 ባሳተመው መጽሐፍ ስስ የቡሽ ቅራፊ በማይክሮስኮፕ ተመልክቶ እንደ ማር እንጀራ የተደረደሩ ባዶ ጉድጓዶች ማየቱን ጽፏል። ያየው ነገር ሕይወት ያለው ህዋስ አልነበረም፤ ህዋሳቱ ሞተው ግድግዳቸው ብቻ ቀርቶ ነበር። ባለቤቱ የሞተበትን ቤት አይቶ ስም ማውጣት ማለት ነው፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ ጸንቷል።

ጥያቄ (ከ9ኛ ክፍል ተማሪ)፦ መምህር፣ በዓይናችን ያለ መሣሪያ ልናየው የምንችለው ህዋስ አለ?

መልስ፦ አለ፤ ቁርስህ ላይም ሳታገኘው አልቀረህም። ያልተዳቀለ የዶሮ እንቁላል አስኳል አንድ ነጠላ ህዋስ ነው፤ ያን ያህል የገዘፈው ለጫጩቱ የሚሆን ስንቅ ስለተከማቸበት ነው። የሴት ልጅ እንቁላል ህዋስ ደግሞ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ስለሆነች ጥሩ ዓይን ያለው ሰው እንደ ነጥብ ሊያያት ይችላል። ከዚያ በታች ግን ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። የቀይ የደም ህዋስ ስፋት ከ7 እስከ 8 ማይክሮሜትር ነው፤ በአንድ ሚሊሜትር ርዝመት ላይ ከ120 በላይ የሚሆኑትን ጎን ለጎን መደርደር ይቻላል።

ጥያቄ (ከአንዲት እንጀራ ጋጋሪ)፦ እርሾ ውስጥ ያለው ሕያው ነገር ባክቴሪያ ነው ሲሉ እሰማለሁ፤ ሌሎች ደግሞ ፈንገስ ነው ይላሉ። የትኛው ነው እውነቱ?

መልስ፦ ሁለቱም አሉበት፤ ጥያቄዎ ደግሞ በህዋስ ትምህርት ውስጥ ትልቁ ከሚባለው ልዩነት ላይ ያደርሰናል። ከቀድሞው ሊጥ ላይ ቀርቶ ለቀጣዩ ቡኮ የሚቀመጠው ቢጫማ ፈሳሽ ባለ አንድ ህዋስ ፈንገሶችንና ላክቲክ አሲድ የሚያመርቱ ባክቴሪያዎችን በአንድነት ይይዛል። ለሊጡ ኩምጣጤ በዋናነት ባክቴሪያዎቹ አስተዋጽኦ ያደርጋሉ። እንጀራው ዓይን የሚያወጣው ደግሞ በቡኮው ውስጥ በሚፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ጋዙ በምጣዱ ሙቀት ተስፋፍቶ እየፈነዳ ሲወጣ የምናያቸውን ቀዳዳዎች ይተዋል።

ሁለቱ በአንድ ዕቃ ውስጥ አብረው ይኑሩ እንጂ በዝምድና እጅግ የተራራቁ ናቸው። የባክቴሪያው ህዋስ ርዝመት አንድ ወይም ሁለት ማይክሮሜትር ያህል ሲሆን፣ ዲኤንኤው፣ ማለትም የዘር መረጃውን የያዘው ሞለኪውል፣ በሽፋን ሳይከለል በህዋሱ ፈሳሽ መካከል ተጠቅልሎ ይገኛል። የፈንገሱ ህዋስ ግን ዲኤንኤውን የሚይዝ፣ በገለፈት (በስስ ሽፋን) የተከለለ ኒውክለስ፣ ማይቶኮንድሪያና ሌሎች የውስጥ ክፍሎች አሉት። በዚህ መስፈርት የቡኮው ፈንገስ ከጎረቤቱ ባክቴሪያ ይልቅ ከእርስዎ ጋር የቀረበ ዝምድና አለው።

ጥያቄ (ከዚያው የ9ኛ ክፍል ተማሪ)፦ የህዋስ ገለፈት «መራጭ አሳላፊ» ነው ይባላል። የሚመርጠው ማን ነው?

መልስ፦ የሚመርጥ አእምሮ የለም፤ የሚመርጠው አሠራሩ ነው። ገለፈቱ ከ10 ናኖሜትር የማይበልጥ ውፍረት ያለው ሁለት ድርብ የስብ ሽፋን ነው። ዘይትና ውሃ እንደማይዋሃዱ ታውቃለህ፤ ስለዚህ እንደ ኦክስጅን ያሉ ጥቃቅንና ስብ ወዳድ ሞለኪውሎች በቀላሉ ሲያልፉ፣ እንደ ሶዲየም ያለ ኤሌክትሪካዊ ሙል ያለው ነገርና እንደ ግሉኮስ ያለ ውሃ ወዳድ ሞለኪውል ግን በስቡ ውስጥ ሊያልፍ አይችልም። ለእነዚህ በገለፈቱ ላይ የተሰኩ ፕሮቲኖች በር ሆነው ያገለግላሉ። አንዳንዱ በር ዝም ብሎ የሚከፈት ሲሆን፣ አንዳንዱ ደግሞ ኃይል እየከፈለ የሚገፋ ፓምፕ ነው፤ ለምሳሌ አንዱ ፓምፕ በእያንዳንዱ ዙር ሦስት ሶዲየም ወደ ውጭ እያስወጣ ሁለት ፖታሲየም ወደ ውስጥ ያስገባል። የዕፅዋትና የባክቴሪያ ህዋሳት ከገለፈቱ ውጭ ጠንካራ ግድግዳ ይጨምራሉ። እኛ ግድግዳ የለንም።

ጥያቄ (ከአንድ የምግብ ባለሙያ)፦ ሰላጣ ላይ ጨው ቀድሜ ከነሰነስሁ ቅጠሉ ይጠወልግና ሳህኑ ውሃ ይሞላል። ቋንጣ ደግሞ በጨው ታሽቶ ሲሰቀል ወራት ይቆያል። ሁለቱ ነገሮች ይገናኛሉ?

መልስ፦ በሚገባ ይገናኛሉ። ውሃ በገለፈት ውስጥ አልፎ የሟሟ ነገር ወደ በዛበት ወገን ይሄዳል፤ ይህም ኦስሞሲስ ይባላል። የሰላጣው ቅጠል ቀጥ ብሎ የሚቆመው በእያንዳንዱ ህዋስ መካከል ያለው ትልቅ የውሃ ከረጢት፣ ማለትም ቫኪዩሉ፣ ተወጥሮ ግድግዳውን ስለሚገፋ ነው። ጨው ሲነሰነስበት ከህዋሱ ውጭ ያለው ጨዋማነት ከውስጡ ይበልጣል፤ ውሃው ይወጣል፤ ከረጢቱ ይሟሽሻል፤ ቅጠሉም ይተኛል። በቋንጣው ላይም የሚሆነው ይኸው ነው፤ ጨው የሥጋውን ውሃ ይስባል፣ በሥጋው ላይ ያረፈውን ባክቴሪያም ውሃ ያሳጣዋል፤ ውሃ ያጣ ባክቴሪያ ደግሞ ሊባዛ አይችልም። ማር ለዓመታት ሳይበላሽ የሚቀመጥበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው፤ በዚያ ጨው የሚሠራውን ስኳር ይሠራዋል።

በተቃራኒው አቅጣጫ ደግሞ ሕዝባችን በጥቅሉ «ጉሉኮስ» የሚለውን በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ይመልከቱ። በከረጢቱ ላይ 0.9 በመቶ ሶዲየም ክሎራይድ ወይም 5 በመቶ ዴክስትሮስ ተብሎ ተጽፎ ያገኛሉ። እነዚህ መጠኖች የተመረጡት ከደም ፈሳሽ ጋር እንዲመጣጠኑ ነው። በምትኩ ንጹሕ ውሃ በብዛት ቢሰጥ፣ ቀይ የደም ህዋስ ግድግዳ ስለሌለው ውሃ እየሳበ ይነፋና ይፈነዳል።

ጥያቄ (ከአንዲት የባዮሎጂ መምህርት)፦ በትምህርት ቤታችን የሚሠራ ማይክሮስኮፕ አንድ ብቻ ነው፤ የተዘጋጀ ስላይድ የለንም። ለ60 ተማሪዎች ምን ባሳይ ይሻላል?

መልስ፦ ቀይ ሽንኩርት ያሳዩ፤ ከዚህ የተሻለና የረከሰ ነገር አላገኘሁም። ሽንኩርቱን ለአራት ሰንጥቀው አንዱን ሥጋማ ሽፋን ያንሡ፤ በጎድጓዳው የውስጥ ፊቱ ላይ ያለውን እንደ ላስቲክ የሳሳ ቆዳ በጥፍርዎ ጫፍ ይላጡት። በስላይዱ ላይ ባንጠባጠቡት ውሃ ላይ ሳይጨማደድ ዘርግተው ለቁስል ከሚሆነው የአዮዲን መድኃኒት አንድ ጠብታ ያክሉበት። መሸፈኛውን መስታወት ግን ከላይ አይጣሉት፤ አንዱን ጠርዝ አስነክተው በመርፌ ደግፈው ቀስ ብለው ያጋድሙት። በትንሹ ሌንስ ሲጀምሩ እንደ ጡብ ግንብ የተደረደሩ ህዋሳት ይታያሉ፤ በእያንዳንዱም ውስጥ ወደ አንድ ጎን የተገፋ ቢጫማ ቡኒ ክብ አለ። እርሱ ኒውክለሱ ነው። ወደ ጎን የገፋው የማይታየው ቫኪዩል መሆኑን ለተማሪዎቹ ከመንገርዎ በፊት ለምን መሐል ላይ እንዳልሆነ ይጠይቋቸው።

ለሁለተኛው ቀን ደግሞ ከሽፋኑ ውጫዊ ፊት የሚላጠውን ሐምራዊ ቆዳ ያለ አዮዲን ይጠቀሙ፤ ቀለሙ በቫኪዩሉ ውስጥ ስለሆነ ከረጢቱ ራሱ ይታያል። በመስታወቱ በአንዱ ጠርዝ የጨው ውሃ ጠብታ አስቀምጠው በሌላው ጠርዝ በሶፍት ወረቀት ይሳቡ። በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሐምራዊው ክፍል ከግድግዳው እየተላቀቀ ወደ መሐል ሲሰበሰብ ይታያል። በንጹሕ ውሃ ሲያጥቡት እንደገና ይሞላል። በእኔ ክፍል ኦስሞሲስን ከማንኛውም የሰሌዳ ሥዕል በላይ ያስረዳው ይህ ነው።

ጥያቄ (ከአንድ የኮሌጅ ተማሪ)፦ ሁሉም ህዋሳቴ አንድ ዓይነት ዲኤንኤ ካላቸው ጉበቴ ለምን ዓይን አይሆንም?

መልስ፦ ሁሉም ህዋስ ያው መጽሐፍ አለው፤ የሚከፍተው ገጽ ግን ይለያያል። በአንድ ህዋስ 46 ክሮሞዞሞች ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ቢዘረጋ ሁለት ሜትር ያህል ይሆናል፤ ይህ ሁሉ የሚቀመጠው ከ10 ማይክሮሜትር በማይበልጥ ኒውክለስ ውስጥ በፕሮቲን ድውር ላይ ተጠቅልሎ ነው። አጥብቆ የተጠቀለለው ክፍል አይነበብም፤ የላላው ይነበባል። የጉበት ህዋስ ለጉበት ሥራ የሚያስፈልጉትን ጂኖች ክፍት አድርጎ ይይዛል፤ በዓይን ህዋስ ውስጥ ብርሃን ተቀባይ ፕሮቲን የሚያሠራው ጂን በጉበቱም ውስጥ አለ፣ ግን ተዘግቶ ይኖራል።

«ሁሉም» ያልኸውን ግን ላርመው። የበሰለ ቀይ የደም ህዋስ ለሄሞግሎቢን ቦታ ለመልቀቅ ኒውክለሱን ከመቅኔ ሳይወጣ አውጥቶ ይጥላል፤ ስለዚህ ዲኤንኤ የለውም፣ ራሱን መጠገንም ስለማይችል ከ120 ቀን ያህል በኋላ ይወገዳል። ከደም ናሙና ዲኤንኤ ሲመረመር የሚወሰደው ከነጭ የደም ህዋሳት ነው።

ጥያቄ (ከአንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ)፦ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም፣ ጎልጂ፣ ራይቦዞም የሚባሉት ስሞች በጭንቅላቴ አልቀመጥ ብለውኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ስሞቹን ትተሽ አንድ ፕሮቲን ተከተዪ። እኔ የደምን ስኳር የሚቀንሰውን ኢንሱሊንን እመርጣለሁ፤ ስኳር በሽታን የማያውቅ ቤተሰብ እየጠፋ ስለሆነ ነገሩ ሩቅ አይሆንብሽም።

በቆሽት ውስጥ ቤታ የሚባሉ ህዋሳት አሉ። በኒውክለሳቸው ውስጥ ያለው የኢንሱሊን ጂን ወደ አርኤንኤ ይገለበጣል፤ ዋናው ጽሑፍ ከኒውክለሱ አይወጣም፣ የሚወጣው ቅጂው ብቻ ነው። ቅጂው በኒውክለሱ ገለፈት ቀዳዳዎች አልፎ ራይቦዞም ያገኘዋል፤ ራይቦዞሙም እያነበበ የፕሮቲን መገንቢያ የሆኑትን አሚኖ አሲዶች አንድ በአንድ ይቀጥላል። መጀመሪያ የሚወጡት 24 አሚኖ አሲዶች እንደ አድራሻ ናቸው፤ «ይህ ፕሮቲን ወደ ውጭ የሚላክ ነው» የሚል ምልክት ስለሆኑ ራይቦዞሙ እስከ ሥራው የገለፈት መረብ ወደሆነው ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ይወሰድና ይጣበቃል። በመጽሐፍሽ ላይ «ሻካራው» የሚባለው ክፍል ሻካራ የመሰለው በእነዚህ ራይቦዞሞች ምክንያት ነው። ሰንሰለቱ በቀዳዳ ወደ ሬቲኩለሙ ውስጥ ሲገባ አድራሻው ተቆርጦ ይጣላል፤ ከ110ሩ አሚኖ አሲዶች 86ቱ ይቀራሉ። በዚያም ሰንሰለቱ ይታጠፋል፤ ሦስት የድኝ ማያያዣዎችም ቅርጹን ያጸኑለታል። አተጣጠፉ የተበላሸውን ሬቲኩለሙ አያሳልፈውም፤ እንዲፈርስ ይመልሰዋል።

በትክክል የታጠፈው በትንሽ የገለፈት ከረጢት ተጠቅልሎ ወደ ጎልጂ ይሄዳል። ጎልጂን እንደ ተነባበረ እንጀራ አስቢው፤ ፕሮቲኑ በአንዱ ፊት ገብቶ በሌላው ሲወጣ እንደ መድረሻው ተለይቶ ይታሸጋል። በታሸገበት ከረጢት ውስጥ ኢንዛይሞች የሰንሰለቱን መካከለኛ ክፍል ቆርጠው ያወጣሉ፤ የቀሩት 51 አሚኖ አሲዶች እውነተኛው ኢንሱሊን ናቸው፤ በዚንክ ዙሪያ ስድስት ስድስት እየሆኑም ይከማቻሉ። ተቆርጦ የወጣው ቁራጭ ሲ-ፔፕታይድ ይባላል፤ ከኢንሱሊኑ ጋር አብሮ ወደ ደም ይወጣል። ሐኪሞች የታካሚው ቆሽት በራሱ ኢንሱሊን ያመርት እንደሆነ ለማወቅ ይህን ቁራጭ በደም ውስጥ ይለካሉ፤ በመርፌ የሚሰጠው ኢንሱሊን ሲ-ፔፕታይድ የለውምና።

አሁን ከረጢቶቹ በገለፈቱ አጠገብ ተደርድረው ይጠብቃሉ። ምግብ በልተሽ የደምሽ ስኳር ሲጨምር ግሉኮስ ወደ ቤታ ህዋሱ ይገባል፤ ማይቶኮንድሪያው ከእርሱ ኤቲፒ፣ ማለትም ህዋስ ለሥራው የሚጠቀምበትን ኃይል የያዘ ሞለኪውል፣ ይሠራል፤ ኤቲፒው ሲበዛ በገለፈቱ ላይ ያለው የፖታሲየም በር ይዘጋል፤ በዚህም የገለፈቱ ኤሌክትሪካዊ ሁኔታ ተለውጦ የካልሲየም በር ይከፈታል፤ ካልሲየም ሲገባ ከረጢቶቹ ከገለፈቱ ጋር ይዋሃዱና ኢንሱሊኑን ወደ ውጭ ይለቅቁታል። ብዙ የስኳር ሕመምተኞች የሚወስዱት ግሊቤንክላማይድ ያንኑ የፖታሲየም በር የሚዘጋ መድኃኒት ነው። እንግዲህ ኒውክለስ፣ ራይቦዞም፣ ሬቲኩለም፣ ጎልጂ፣ ማይቶኮንድሪያና ገለፈት በአንድ ታሪክ ውስጥ ገቡልሽ፤ አንዱን ብታወጪው ታሪኩ ይቋረጣል። ይህን የፕሮቲን ጉዞ በቆሽት ህዋሳት ላይ ደረጃ በደረጃ ያሳየው ጆርጅ ፓላዴ እ.ኤ.አ. በ1974 ከአልበርት ክሎድና ከክርስቲያን ደ ዱቭ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

ጥያቄ (ከአንድ ወላጅ)፦ ማይቶኮንድሪያ «የህዋስ የኃይል ማመንጫ» ነው ይላሉ። ከእናት ብቻ ይወረሳል የሚባለውስ እውነት ነው?

መልስ፦ «የኃይል ማመንጫ» የሚለውን አባባል አልወደውም፤ ኃይል ከምንም የሚፈጠር ያስመስላልና። ማይቶኮንድሪያ በምግብ ውስጥ ያለውን ኃይል ህዋስ ሊመነዝረው ወደሚችል፣ ኤቲፒ ወደሚባል መልክ ይለውጣል። የገባውን ትልቅ ብር ወደ ዝርዝር የሚመነዝር ቢሉት ይቀርባል። ዝርዝሩ ደግሞ በፍጥነት ይሽከረከራል፤ በሰውነታችን ውስጥ በአንድ ቅጽበት ያለው ኤቲፒ ከጥቂት መቶ ግራም አይበልጥም፤ በአንድ ቀን ተሰብሮ እንደገና የሚሠራው ግን ከሰውየው ክብደት ጋር ይቀራረባል። የምንተነፍሰው ኦክስጅን የሚያስፈልገው በዚህ ሥራ መጨረሻ ላይ ኤሌክትሮኖችን ለመቀበል ነው። ሳያናይድ በደቂቃዎች የሚገድለው ይህችን የመጨረሻ ደረጃ ስለሚዘጋ ነው፤ ኦክስጅን በደም ሞልቶ ሳለ ህዋሱ ሊጠቀምበት አይችልም። ካሳቫን በሚገባ ሳይዘፈዝፉና ሳያደርቁ መብላት አደገኛ የሆነውም ሳያናይድ ስለሚለቅ ነው።

ከእናት መወረሱ እውነት ነው። ማይቶኮንድሪያ ከኒውክለሱ የተለየ የራሱ ዲኤንኤ አለው፤ በሰው ውስጥ 16,569 ፊደላት ያሉት ቀለበት ሲሆን 37 ጂኖች ይዟል። የወንዱ ዘር ጥቂት ማይቶኮንድሪያ ቢኖረውም እነዚያ በእንቁላሉ ውስጥ ይጠፋሉ። በአገራችን ዘር በአባት ይቆጠራል፤ ይህ ግን ያለ ማቋረጥ ከእናት፣ ከአያት፣ ከቅድመ አያት ሴቶች የሚወርድ መስመር ነው።

ለምን የራሱ ዲኤንኤ ኖረው ለሚለው አሜሪካዊቷ ሊን ማርጉሊስ እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመችው ጽሑፍ የቀድሞውን ሐሳብ አጠናክራ አቅርባለች፦ ማይቶኮንድሪያ በጥንት ዘመን በሌላ ህዋስ ውስጥ ገብቶ የቀረ ባክቴሪያ ነበር። መጀመሪያ ብዙዎች አልተቀበሉትም። ዲኤንኤው እንደ ባክቴሪያ ቀለበት መሆኑ፣ ራይቦዞሞቹ የባክቴሪያን መምሰላቸውና ለሁለት በመከፈል መባዛቱ ግን ክርክሩን ዘጋው።

ጥያቄ፦ ዕፅዋት ክሎሮፕላስት ስላላቸው ማይቶኮንድሪያ አያስፈልጋቸውም ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ሁለቱም አሏቸው። ክሎሮፕላስት በብርሃን ስኳር ይሠራል፤ ያን ስኳር ወደ ኤቲፒ የሚመነዝረው ያው ማይቶኮንድሪያ ነው። ሌሊትና ከመሬት በታች ባለው ሥር ደግሞ ብርሃን የለም።

ጥያቄ (ከአንድ የሕክምና ላቦራቶሪ ተማሪ)፦ በጊምዛ ቀለም በተቀባ ደም ላይ የወባን ተውሳክ በየቀኑ እናያለን። ኒውክለስ በሌለው ህዋስ ውስጥ መግባቱ ምን ይጠቅመዋል?

መልስ፦ ቀይ የደም ህዋስ ለተውሳኩ መሸሸጊያም ስንቅም ነው። ሌሎች ህዋሳት ወራሪ ሲገባባቸው የወራሪውን ቁራጭ በገለፈታቸው ላይ አውጥተው ለመከላከያ ህዋሳት ያሳያሉ፤ ቀዩ የደም ህዋስ ግን ይህ መሣሪያ የለውም። ተውሳኩ በውስጡ ሄሞግሎቢኑን እየበላ ያድጋል፤ ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ የተባሉት የተውሳኩ ዝርያዎች በ48 ሰዓት ገደማ ተባዝተው ህዋሱን አፍንድተው ይወጣሉ። በስላይድህ ላይ እንደ ቀለበት የምታየው ሰማያዊ ክብ የተውሳኩ ሳይቶፕላዝም ሲሆን፣ እንደ ፈርጥ የተቀመጠችው ቀይ ነጥብ ኒውክለሱ ናት። ኒውክለስ በሌለው ህዋስ ውስጥ ኒውክለስ ካየህ የእንግዳው ነው ማለት ነው።

ይበልጥ የሚገርመው ተውሳኩ አፒኮፕላስት የሚባል ክፍል ያለው መሆኑ ነው፤ ይህም ቅድመ አያቱ ከዋጠው ዋቅላሚ የቀረ፣ አረንጓዴነቱን ያጣ የክሎሮፕላስት ዘመድ ነው። ብርሃን አይሠራበትም፤ ያለ እርሱ ግን ተውሳኩ አይኖርም። በውስጡ ያሉት ራይቦዞሞች የባክቴሪያ ዓይነት በመሆናቸው፣ ባክቴሪያን ለመግደል የተሠራው ዶክሲሳይክሊን ለወባም መከላከያ ሆኖ ያገለግላል።

ጥያቄ፦ ታዲያ አንቲባዮቲክ ባክቴሪያውን ሲገድል እኛን የማይገድለን ለምንድን ነው? ጉንፋን ሲይዘኝስ ለምን አልወስድም?

መልስ፦ ጥሩ አንቲባዮቲክ የሚያጠቃው ባክቴሪያው ያለውን እኛ የሌለንን ነገር ነው። ፔኒሲሊን የባክቴሪያን ግድግዳ ግንባታ ያስቆማል፤ እኛ ግድግዳ የለንም። ቴትራሳይክሊንና ኤሪትሮማይሲን የባክቴሪያን ራይቦዞም ይይዛሉ፤ የእኛ ራይቦዞም በመጠንም በቅርጽም ይለያል። ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ ደግሞ ጭራሽ ህዋስ አይደለም፤ ግድግዳም ራይቦዞምም የለውም፣ የሚባዛው በእርስዎ ህዋስ መሣሪያ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ የሚመታው ዒላማ የለውም።

ጥያቄ (ከገጠር የመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)፦ በእኛ አካባቢ በድርቅ ዓመት ጓያ ብቻ የበላ ሰው እግሩ ይሰንፋል። ይህ ከህዋስ ጋር ምን ያገናኘዋል?

መልስ፦ ጥያቄህ ከገለፈት በር ጋር ይገናኛል። የነርቭ ህዋሳት የሚነጋገሩት አንዱ የለቀቀውን ኬሚካል ሌላው በገለፈቱ ላይ ባለ ተቀባይ ፕሮቲን ሲይዘው ነው። ከእነዚህ መልእክተኞች አንዱ ግሉታሜት ነው። በጓያ ፍሬ ውስጥ ያለው ኦዳፕ የተባለ መርዝ ግሉታሜትን ስለሚመስል በዚያው ተቀባይ ላይ ይቀመጣል፤ ከመጠን ያለፈ መነቃቃት ይመጣል፤ ካልሲየም ወደ ህዋሱ ይጎርፋል፤ ህዋሱም በዚያ ይጎዳል። ጉዳቱ የሚበረታው እግርን በሚያዝዙት የነርቭ ህዋሳት ላይ ነው። የነርቭ ህዋስ እንደ ቆዳ ህዋስ ተከፍሎ አይተካም፤ ሕመሙ ከያዘ በኋላ የማይመለሰው ለዚህ ነው። ጓያን መዘፍዘፍና የዘፈዘፉበትን ውሃ መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል፤ ዋናው ግን ለወራት ዋና ምግብ አለማድረግ ነው።

ጥያቄ፦ ህዋስ ራሱን ይገድላል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ሳይገድልም ጣት አይኖረንም ነበር። ጽንሱ መጀመሪያ እጁ እንደ መቅዘፊያ ነው፤ በጣቶቹ መካከል ያሉት ህዋሳት በሥርዓት ሲሞቱ ጣቶቹ ይለያያሉ። ትእዛዙ ብዙ ጊዜ የሚተላለፈው በማይቶኮንድሪያ ነው፤ ለመተንፈስ ሥራ የምትጠቅመው ሳይቶክሮም ሲ የተባለች ፕሮቲን ከማይቶኮንድሪያው አፈትልካ ስትወጣ ህዋሱን የሚበታትኑ ኢንዛይሞች ይነሣሉ። ይህን ትእዛዝ መስማት ያቆመ ህዋስ ወደ ካንሰር ከሚወስዱት መንገዶች አንዱን ጀምሯል።

ጥያቄ (ከላይኛዋ መምህርት)፦ ሽንኩርቱን ሞከርነው። ተማሪዎቹ በየቦታው ወፍራም ጥቁር ጠርዝ ያላቸው ክቦች አይተው «ኒውክለስ ነው» ብለው ሥለውታል። እኔም ተጠራጠርሁ።

መልስ፦ አረፋ ነው። ኒውክለስ በአዮዲን ቢጫማ ቡኒ ይሆናል፣ መጠኑም ከህዋስ ህዋስ ይመሳሰላል፣ ከህዋሱ ግድግዳም አይወጣም፤ አረፋው ግን ጠርዙ የጠቆረ፣ መሐሉ የጠራ ነው፤ አንዳንዱም ሦስትና አራት ህዋስ ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። መሸፈኛውን መስታወት በመርፌ ቀስ ብለው ይንኩት፤ የሚንሸራተተው አረፋ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ውሃውን ትንሽ ያብዙት፤ መስታወቱንም የበለጠ አጋድመው ያውርዱት።